ቆሼን ለጠጋኞች ስጡልኝ

ስለ ቆሼ፣ ስለ አዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ፣ የወደፊት ዕጣ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንዱ «ፓርክ ይሁን» ይላል። ዛፍ ይተከልበት፣ ወንበር ይደርደርበት፣ ልጆች ይሩጡበት። ሌላው «ፋብሪካ ይብቃው» ባይ ነው። ቆሻሻው ይቃጠል፣ መብራት ይውጣበት። ሁለቱንም አልጠላም። እኔ ግን የምመኘው ሌላ ነው። ከጉብታው ራቅ ብሎ፣ ዳር ላይ፣ ጣሪያ ያለው፣ መብራትና ውሃ የገባለት የጠጋኞች ሰፈር። ምጣድ የሚሠራ፣ ጫማ የሚሰፋ፣ ስልክ የሚከፍት፣ ወንበር የሚበይድ ሰው አንድ ግቢ ውስጥ የሚገኝበት።

የምኖረው ጀሞ ነው። ጀሞ እየኖረ ስለ ቆሼ አስተያየት የሌለው ሰው ካለ አላየሁም። ነፋሱ ሲዞር ሽታው ሳሎን ድረስ ይገባል። እራት ላይ እንግዳ ካለ አንዳችን ተነሥተን መስኮት እንዘጋለን። ማንም ምንም አይልም። እንግዳውም ጀሞ መምጣቱን ያውቃል።

ቆሼ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው ማየት የማይፈልገውን ነገር ወደዚያ አቅጣጫ ይገፋ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። የሥጋ ደዌ የሚታከምባቸው ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ በኋላም አለርት እዚያው አካባቢ ናቸው። ከሥጋ ደዌ ታክመው የዳኑ ሰዎች ወደ አገራቸው መመለስ ሲከብዳቸው እዚያው ቀሩ። ጎጆ ቀለሱ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። ቆሻሻውም አጠገባቸው ተከመረ። ከዚያ አዲስ አበባ ሰፋች። አየር ጤና፣ መካኒሳ፣ ለቡ፣ ጀሞ እያለች ዞራ ከበበችው። 36 ሄክታር ገደማ የሚሆን የቆሻሻ ክምር በቤት ታጥሮ ቀረ።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጣቸው። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከዚያ ቀደም ባለው ዓመት ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች «አንፈልግም» አሉ። በወራት ውስጥ ተዘጋና መኪናው ፊቱን ወደ ቆሼ መለሰ። ገበሬዎቹን አልወቅስም። ሽታውን አውቀዋለሁ።

ከአደጋው በኋላ ሁለት ነገር ሥራ ላይ ዋለ። አንደኛው ክምሩን የማረጋጋት ሥራ ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ፣ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም በኩል «የፉኩኦካ ዘዴ» የሚባለው መጣ። ነገሩ ቀላል ነው። የተበሳሱ ቱቦዎች በክምሩ ሥር ይዘረጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ወደ ላይ ይቆማሉ። ፍሳሹ በታችኛው ይወርዳል። በዚያው በኩል አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አየር ያገኘ ቆሻሻ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ሚቴን የሚባለውን ተቀጣጣይ ጋዝም ብዙ አያመነጭም። ውድ ማሽን አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው ነሐሴ 2010 እዚያው ቆሼ የተመረቀው የረጲ የኃይል ማመንጫ ነው። በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ እንደሚያቃጥል ነበር የተነገረን። ስለ እሱ ብዙ ማለት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአብዛኛው የወጥ ቤት ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን እንጨት፣ አተላ። እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ለማቃጠል መጀመሪያ ማድረቅ አለብህ፤ ለማድረቅ ደግሞ ያው እሳት ነው የምታወጣው።

ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ቆሼ ላይ ጫፉ የታጠፈ ብረት ይዘው የሚለቅሙትን ሰዎች አብዛኛው የከተማ ሰው የሚያውቃቸው በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም አደጋ ሲደርስ። እነዚህ ሰዎች ግን ከማንኛችንም በላይ ዕቃ ያውቃሉ። ፕላስቲክ በጥፍር ጫር አድርጎ የትኛው ዓይነት እንደሆነ የሚነግርህ ሰው አለ። የሃይላንዱን ጠርሙስ ከነክዳኑ አይሸጥም፤ ጠርሙሱ ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ ነው ዋጋው። መዳብ ከነሐስ፣ አሉሚኒየም ከላሜራ በድምፅ ይለያል። አንኳኩቶ። ይህን ዕውቀት የትኛውም ኮሌጅ አያስተምረውም። ቦታው ተዘግቶ ሣር ሲተከልበት ዕውቀቱ ሜዳ ላይ ይበተናል።

ለዚህ ነው «ፓርክ» ሲባል ልቤ የማይሞላው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎቼ ሒሪያን ታውቁታላችሁ። ከቴል አቪቭ ወጣ ሲባል ያለችው ጉብታ ናት። ተራራ ብትመስልም ቆሻሻ ናት። 60 ሜትር ያህል ከፍታ ነበራት። ወፎቹ ለአውሮፕላን ስላሰጉ ጭምር እ.ኤ.አ. በ1998 ተዘጋች፤ ዛሬ ትልቅ ፓርክ ሆናለች። ያምራል ይላሉ ያዩት። ከሥሯ ደግሞ ቆሻሻ የሚለይበት ጣቢያ እየሠራ ነው። እኔ የምወደው ይህንን ሁለተኛውን ነው። ጉብታው ለዓይን፣ ሥሩ ለሥራ።

አሁን ስለ ምጣድ ልንገራችሁ።

ባለፈው ክረምት የኤሌክትሪክ ምጣዳችን እምቢ አለ። ስፒናው ይገባል፣ አምፖሏ ትበራለች፣ ምጣዱ ግን ቀዝቃዛ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሠራ ሰው አለ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚለው። ተሸክሜ ወሰድኩለት። ገልብጦ አሮጌ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው። የታችኛውን ላሜራ ፈታ። ከሥሩ ነጭ ጀሶ ወጣ፣ ሰፊ ክብ። ጀሶውን በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ እያለ ፈለፈለው። ከሸክላው ጀርባ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ ታየ። ሽቦው ቦዩ ውስጥ ተኝቷል። ቴስተሩን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ነካ ነካ አደረገና አንድ ጠቆር ያለ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይቺ ናት» አለኝ። «ብቀጥልልህ ይሠራል። ግን ለበዓል ሰሞን ጉድ ትሠራሃለች።»

«ታዲያ ምን ይሻላል ጋሼ?»

«ሙሉውን እንቀይረው።»

አዲሱን ሽቦ ሲስበው አየሁት። ዋናው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ሽቦው የሚመጣው እንደ ጸጉር ተጠቅልሎ ነው። ቦዩን እንዲሞላ መለጠጥ አለበት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል። አንድ ቦታ ከጠበበ እዚያ ላይ እንጀራው ያርራል። ከሳሳ ደግሞ ዓይን አያወጣም። ጋሼ ሜትር አልያዘም። በጣቱ ነው የሚለካው። ሲጨርስ ጀሶ በጠበጠ፣ ሞላበት፣ በመዳፉ አስተካከለ። «ሳይደርቅ እንዳትሰካው። ከዚያ በጎመን ዘር በደንብ ታሟሸው» አለ። የከፈልኩት አዲስ ምጣድ ከሚሸጥበት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሥራው እንዴት ነው አልኩት። ሥራ አልጠፋም አለ። የጠፋው ቦታ ነው። መንገድ ሲሰፋ ኮንቴይነሩ ይነሣል። ሲነሣ ደንበኛው ይጠፋል። ደግሞ መብራት። ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል። የሠራውን ሊሞክር ሲሰካ ከጎረቤት የተቀጠለችው መስመር አትችልም፤ ብሬከሩ ይወድቃል፤ ጎረቤት ይጮኻል። ስለዚህ ማታ ማታ ሰው ሲተኛ ነው የሚሞክረው። ሽቦም ማከማቸት አይችልም። አንድ ምጣድ በመጣ ቁጥር መርካቶ ይወርዳል።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ተከፈተ መሰለኝ፤ የትም ስሄድ የማየው ይህንኑ ነው። ጫማ ጠጋኙ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን ሰብስቦ በረንዳ ሥር ይሸሻል። ጉሚስታው መጭመቂያው የሰው ነው፤ በቀን ይከራያል። ልብስ ጠጋኟ ሲንጀሯን ማታ የምታሳድርበት የላትም፤ ጥበቃው ጋ አደራ ትላለች። ሁሉም ሙያ አላቸው። እግራቸውን የሚተክሉበት መሬት ነው ያጡት። የድሮው «አርከበ ሱቅ» እንኳ ቢያንስ በር ነበረው።

ስዊድን የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። ይህን ስነግራት ሳቀችና ፎቶ ላከችልኝ። ከስቶክሆልም በስተምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ ኤስኪልስቱና የምትባል ከተማ አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2015 «ሬቱና» የሚባል የገበያ አዳራሽ ተከፈተ። የሚሸጠው ሁሉ ያገለገለ ወይም ከወደቀ ነገር የተሠራ ነው። በዓለም የመጀመሪያው እንደዚህ ያለ ሞል ነው ይባላል። ያለው ከከተማው ቆሻሻ መቀበያ ግቢ ጎን ነው። ሰው ዕቃ ሊጥል መኪናውን ይዞ ይመጣል። ገና ሲገባ ሠራተኛ ይቀበለዋል። የሚሠራውን፣ ሊጠገን የሚችለውን ይለያሉ። ወንበሩ ወደ አንዱ ሱቅ፣ ብስክሌቱ ወደ ሌላው፣ ኮምፒውተሩ ወደ ሦስተኛው። ሱቆቹ ያድሱታል፣ ይሸጡታል። ስዊድን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የብስክሌት፣ የጫማና የልብስ ጥገና ላይ የሚጣለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ25 በመቶ ወደ 12 አውርዳ ነበር። ማስጠገን ከመግዛት እንዳይብስ ብለው።

«ምናለሽ ተራን ጠርገው መስታወት አስገቡለት በለው» አለችኝ።

ቀልድ ብትሆንም እውነት አላት። መርካቶ ያለው ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ጆሮ ያደነቁራል። በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ የዘይት ቆርቆሮው ባልዲ፣ ፌሮው ማማሰያ። የመኪና ጎማ በረባሶ ሆኖ ገበሬውንም ወታደሩንም ስንት ዘመን አሻገረ። ከቆሼ ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ ላይ ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ ያንኑ የጎማ ሶል ይዛ ተነሣች፤ «ሶል ሬብልስ» ብላ ጫማውን ባሕር ማዶ ሸጠችው። ስለዚህ ዕቃ መልሶ ስለ መጠቀም ከውጭ የሚመጣ አሠልጣኝ አያስፈልገንም። ለስላሳ ለመግዛት ባዶ ጠርሙስ ይዘን ያደግን ሰዎች ነን።

ሬቱናን እንዳለ ቀድተን ቆሼ ላይ ብንተክለው ግን አይሠራም። ለምን? ወደ ቆሼ የሚመጣው መኪና ውስጥ ደህና ዕቃ የለም። አስቡት። አሮጌው ልብስ ከቤት ሳይወጣ ልዋጭ ይወስደዋል፤ በምትኩ ሳፋ ወይም ስኒ ሰጥቶ። ብረቱን፣ ጠርሙሱን፣ የተበላሸውን ሬዲዮ ቁራሌው ጠዋት በር ላይ ጠርቶ ወስዷል። የተረፈውን ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ማኅበራት ይለያሉ። ገንዳው ጋ ሌላ ሰው ይጠብቃል። መኪናው ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ መንገድ ላይ ይጨርሳሉ። ቆሼ የሚደርሰው የከተማው የመጨረሻ ዝቃጭ ነው። ልጣጭ፣ ዳይፐር፣ ፌስታል፣ አመድ። ስዊድን ደህና ሶፋ ይጣላል። እኛ ጋ ደህና ሶፋ ሦስት ሰው ይጣላበታል።

ስለዚህ የእኛው ግቢ የሚጣል ዕቃ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ መሆን የለበትም። ሙያተኛው ያጣውን ነው መስጠት ያለበት። አንደኛ መብራት፤ ምጣድ ቢሰካ የማይንገጫገጭ ባለሦስት ፌዝ መስመር። ሁለተኛ የጋራ መሣሪያ። እያንዳንዱ ጠጋኝ የብየዳ ማሽን፣ መጭመቂያ፣ መሰርሰሪያ መግዛት አይችልም፤ በሰዓት ቢከራይ ግን ሁሉም ይችላል። ሦስተኛ የመለዋወጫ መጋዘን። ይህ ለእኔ ዋናው ነው። የማይድን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚድን ሞተር አለ። የሞተ ስልክ ውስጥ ደህና ስክሪን አለ። የቆሼ ለቃሚዎች እዚህ ጋ ነው መግባት ያለባቸው። ፈቺ፣ ለዪ፣ መጋዘን ያዥ ሆነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ ጓንትና ቦት ጫማ ታድሏቸው፣ ማታ ገላቸውን ታጥበው የሚወጡበት ሻወር ተሠርቶ።

ሚዛንም ይኑር። እውነተኛ ሚዛን፤ ለሁለቱም ወገን ፊት ለፊት የሚታይ። ለቃሚ የሚጭበረበረው ሚዛን ላይ ነው።

የገመድ ነገርም አለ። መዳብ የሚፈልግ ሰው ገመዱን ሰብስቦ ያቃጥላል። ፕላስቲኩ ይነዳል፣ መዳቡ ይቀራል። ያን ጥቁር ጭስ የሚተነፍሰው ልጁ ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እኔ፣ ጀሞ። ገመድ የሚልጥ ማሽን በዓለም ላይ ካሉ ቀላል ማሽኖች አንዱ ነው። ሁለት ሮለር፣ አንድ ምላጭ፣ አንድ እጀታ። ምናለሽ ተራ ንድፉን ብታሳያቸው በማግስቱ ሠርተው ይጠብቁሃል።

ቦታውን ግን በጥንቃቄ መምረጥ ነው። አንዳንድ ሰው «ክምሩን ደልድሎ ላዩ ላይ መገንባት» ሲል እሰማለሁ። አይሆንም። ቆሻሻ ከተዘጋ በኋላም ለብዙ ዓመታት ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ይሟሽሻል፣ መሬቱ እኩል ሳይሆን እዚህም እዚያም ይሰምጣል። ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ቱቦ ይሰበራል። ከዚያ በላይ ጋዙ አለ። ሚቴን ሽታ የለውም፤ ወለል ሥር ይጠራቀማል። ብየዳ ደግሞ ፍንጣሪ ነው። ሁለቱን ጎረቤት ማድረግ ማለት ሌላ መጋቢት 2 መጥራት ነው። ክምሩ ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይብቀል፤ ፓርክ የምትሉት ደስ ይበላችሁ። ሼዱ ግን ጠንካራ መሬት ላይ፣ ራቅ ብሎ፣ ወደ ዋናው መንገድ ተጠግቶ።

«ሼድ» ስል አንዳንዳችሁ ፊታችሁን ስታጠቁሩ ይታየኛል። ገባኝ። ለጥቃቅንና አነስተኛ የተሠሩ ሼዶችን አይተናል። ተደራጁ ይባላል። ስም ይመዘገባል። ሙያ ያለው ሰው ወረቀት ሲያሟላ ወረቀት ያለው ሰው ቀድሞ ቁልፍ ይረከባል። ከዓመት በኋላ ስትሄድ ሼዱ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኖ ታገኘዋለህ፤ ያውም በሦስተኛ እጅ ተከራይቶ። የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ቁልፍ ለማንም አይሰጥ። ጠረጴዛ በቀን ይከራይ፣ በትንሽ ገንዘብ። ያልመጣ ሰው ቦታው ለሌላው ይለፍ። መቆለፊያ ያለው ሳጥን ግን ለእያንዳንዱ ይኑር፤ ያቺ ሲንጀር የምታድርበት።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ሁላችንም ከውሃ ቢል ጋር ለቆሻሻ እንከፍላለን። ቤት ለቤት የሚሰበስቡት ማኅበራት የሚከፈላቸው ባስረከቡት መጠን ነው። ብዙ ቆሻሻ ብዙ ብር። እስቲ ተመልከቱት፤ ከማዳበሪያው ውስጥ የሚጠገን ነገር ለይታ ያወጣች እናት ክፍያዋ ይቀንሳል። ለይታ ለግቢው ላስረከበችው ከጣለችው የበለጠ ቢከፈላት ነገሩ በአንድ ጊዜ ይገለበጣል። አዲስ ግብር አያስፈልግም። ያለው ብር አቅጣጫውን ይቀይር።

ገበያው ደግሞ ደጃፉ ላይ ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ አየር ጤና፤ ኮንዶሚኒየም በኮንዶሚኒየም። እያንዳንዱ ቤት ምጣድ አለ፣ ስቶቭ አለ፣ ካውያ አለ፣ እግሩ የተነቃነቀ ወንበር አለ። ሁሉም አንድ ቀን እምቢ ይላሉ።

ትልቁ ችግር እነዚህ ሁሉ አይደሉም። ባለቤቴ ናት የነገረችኝ። ይህን ሁሉ ሐሳቤን አንድ እሑድ ቡና እየተጠጣ ዘረዘርኩላት። ታግሣ ሰማችኝ።

«እንጀራ የምጋግርበትን ምጣድ ቆሼ ልትወስደው?» አለች።

«ቆሼ አይደለም እኮ፤ ዳሩ ላይ ነው።»

«ዳሩም ቆሼ ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ሰው ምጣዱን ለጋሼ ኮንቴይነር ያለ ሐሳብ ይሰጣል፤ ያው ጋሼ ያው ሥራውን ቆሼ አጠገብ ቢሠራ ግን ይጸየፋል። ሥጋ ደዌ ታክመው የዳኑትን ሰዎች ሠፈር ሲሸሽ የኖረ ከተማ ነው፤ በአንድ ሪባን ቆረጣ አይለቀውም። ስለዚህ መቀበያው እዚያ ባይሆን ይሻላል ብዬ አሰብኩ። በየኮንዶሚኒየሙ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሪ ይቁም። ዕቃህን ስጥ፣ ደረሰኝ ተቀበል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተጠግኖ ውሰድ። ማን እንደሠራው፣ ስሙ ዕቃው ላይ ተለጥፎ ይምጣ።

ይህንንም ነገርኳት። አሰበችበት።

«ምጣዱን አልሰጥም» አለች። «በመጀመሪያው ቅዳሜ ያንተን የማይሠራ ቴፕ ስጣቸው። ከሠሩት ጁስ መፍጫውን እልካለሁ።»